ስለ አሮጌው የራኬት ክር መወጠሪያ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በተማሪዎች ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

በዚህ በዓል ላይ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ሳይንስ እርምጃ የሚናገሩ ስለ ሆነ፣ እኔም ከነዚህ አንዱን ብመርጥ ከእነርሱ የተሻለ እንደማልናገር ዐወቅሁ። ስለዚህ አብዛኞቻችሁ አይታችሁት ስለማታውቁት፣ ያያችሁትም ምን እንደ ሆነ ሳትጠይቁ ስላለፋችሁት አንድ ዕቃ ልነግራችሁ መጥቻለሁ። ይኸውም በስፖርት ዕቃ ቤታችን ውስጥ፣ ከመረቡና ከተሰበሩት ወንበሮች ኋላ፣ በአሮጌ ጠረጴዛ ላይ በብሎን ታስሮ የሚገኘው የቴኒስ ራኬት ክር መወጠሪያ ነው።

ይህ መሣሪያ ከማናችንም ተማሪዎች ዕድሜ ይበልጣል። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባባ እንደሚነግሩን፣ ከብዙ ዓመት በፊት ቴኒስ ያስተምሩ የነበሩ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውት ሄዱ። የሠሪው ስም የተጻፈበት ቀለም ተፍቆ ጠፍቷል፤ በብረት ዘንጉ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ሞተር የለውም፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም የለውም። ከሦስት ዓመት በፊት ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ፣ «ቁራሌው» እያለ በበራችን ለሚያልፈው ሰው በኪሎ ሊሸጥ ደጅ ወጥቶ ነበር። ያዳኑት አባባ ናቸው። «ይህ ብረት ሥራ ያውቃል፤ ሥራ የሚያውቅ ብረት አይሸጥም» ብለው መልሰው አስገቡት። ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያውቅ ግን እርሳቸውም በትክክል አይነግሩንም ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በቴኒስ ጨዋታ የተመሰገንሁ አይደለሁም፤ ይህን ከእናንተ ልሰውር ብል እዚህ የተቀመጡት የቡድኑ ልጆች ይስቁብኛል። ሥራዬ ኳስ መልቀም ነበር። ቡድናችን 7 ራኬቶች ነበሩት፤ ከ7ቱ 4ቱ ክራቸው ተበጥሶ በምስማር ላይ ተሰቅለው ነበር። ክሩን ለማስቀየር ወደ ከተማ እንላክ ቢባል ለአንዱ ራኬት የሚጠየቀው ዋጋ ከቡድኑ መዋጮ የሚበልጥ ሆነ። አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን ወደ ዕቃ ቤቱ ሲገቡ ያንን ብረት አዩና ሳቅ ብለው፣ «ልጆች፣ ይህ እኮ ባለፈው ሳምንት በሰሌዳ ላይ የሣልሁላችሁ ነው» አሉን። እውነትም የሣሉልን ስለ ዘንግና ስለ ክብደት ነበር። መሣሪያውን መማር የጀመርነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ወደ መሣሪያው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ክሩ ራሱ ጥቂት መናገር ይገባኛል።

ራኬት ሲባል ሰው የሚያየው እንጨቱን ወይም ብረቱን ነው። ኳሱን የሚቀበለውና የሚመልሰው ግን ክሩ ነው። ኳሱ በክሩ ላይ የሚቆየው የአንድ ሰከንድ 200ኛ እጅ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። ተጫዋቹ የለፋበት ነገር ሁሉ በዚህች ቅጽበት ያልፋል። ክሩ ላላ ያለ እንደ ሆነ እንደ ወንጭፍ ኳሱን አርቆ ይወረውረዋል፤ ጠብቆ የተወጠረ እንደ ሆነ ኳሱ አጠር ብሎ ይሄዳል፤ ነገር ግን ወደ ታሰበው ቦታ ለመላክ ይመቻል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚስማማውን የውጥረት ልክ ይመርጣል። ለዛሬዎቹ ራኬቶች ልኩ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ፓውንድ፣ ማለት ከ23 እስከ 27 ኪሎ ያህል ነው፤ በራኬቱ አንገት ላይም ተጽፎ ይገኛል።

ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሜጀር ዋልተር ዊንግፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ በሣር ሜዳ የሚደረገውን ቴኒስ በ1874 በመንግሥት መዝገብ በስሙ አስመዘገበ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1875፣ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ለሙዚቃ መሣሪያዎች አውታር ይሠራ የነበረው የባቦላ ቤት ለቴኒስ ራኬት ክር መሥራት ጀመረ። ክሩም ከእንስሳ አንጀት የሚፈተል ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ አያቴ ትዝ አሉኝ፤ የበገና አውታር ከበግ አንጀት ታጥቦና ተፈትሎ እንደሚሠራ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸውና። እንግዲህ በገናና ራኬት ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ይህን ለቡድኑ ልጆች ስነግራቸው ግን ማንም አላመነኝም።

ዛሬ አብዛኛው ክር ከናይሎን ወይም ከፖሊስተር ይሠራል። የአንጀቱ ክር አሁንም አለ፤ ዋጋው ግን ለእኛ የሚቀመስ አይደለም። ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩርተን በ1997 የፈረንሳይን ሻምፒዮና በፖሊስተር ክር ካሸነፈ ወዲህ ፖሊስተር በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ለእኛም በስጦታ የተላከልን አንድ ትልቅ ጥቅልል ፖሊስተር ነበር። ቶሎ አይበጠስም፤ ሳይበጠስ ግን ውጥረቱን ይለቃል። ስለዚህ «ክሬ ደኅና ነው፤ አልተበጠሰም» የሚል ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ተሳስቷል።

የውጥረት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ። የስዊድኑ ብዮርን ቦርግ ከ1976 እስከ 1980 ድረስ በዊምብልደን 5 ጊዜ ተከታትሎ ሲያሸንፍ፣ የእንጨት ራኬቱን ክር እስከ 36 ኪሎ ያህል ያስወጥር ነበር። ክሩ ከመጥበቁ የተነሣ ማንም ሳይነካው ሌሊት በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ይበጠስ እንደ ነበር ይነገራል። ሁለተኛው ታሪክ የ1977 ነው። በዚያን ጊዜ የቴኒስ ሕግ ራኬት ማለት ምን እንደ ሆነ የሚናገር አንቀጽ አልነበረውም። ጀርመናዊው ቬርነር ፊሸር ክሮቹ እንደ ሌላው ራኬት እርስ በርስ ያልተጠላለፉበት፣ ኳሱን እጅግ የሚያሽከረክር ራኬት አወጣ፤ ፈረንጆቹም «ስፓጌቲ ራኬት» ብለው ሰየሙት። ሩማንያዊው ኢሊየ ናስታሴ በፈረንሳይ በኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ ይህንኑ ራኬት ይዞ ከአርጀንቲናው ጊየርሞ ቪላስ ጋር ገጠመ። ቪላስ በሸክላ ሜዳ ላይ ለብዙ ጊዜ ሳይሸነፍ የቆየ ሰው ነበር፤ ሁለቱን ዙር ከተሸነፈ በኋላ ግን ጨዋታውን አቋርጦ ወጣ። በ1978 ሕግ ተጻፈ፤ ክሮቹ በሚገናኙበት ሁሉ እየተፈራረቁ መጠላለፍ ወይም መያያዝ አለባቸው ተባለ። ይህን ሕግ የእኛ ሸማኔዎች አስቀድመው ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

መሣሪያ ሳይኖር ክር በእጅ ይወጠር ነበር። ሠሪው የክሩን ጫፍ በእንጨት ዱላ ላይ ይጠመጥምና ራኬቱን በእግሩ ረግጦ በሙሉ ኃይሉ ይስባል፤ ከዚያ ክሩ ተመልሶ እንዳይላላ ቀዳዳውን በወስፌ ይወትፈዋል። የጠፍር አልጋ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አያቴም የረጠበውን ጠፍር ሲስቡ እግራቸውን በአልጋው እግር ላይ ይጭኑ ነበር። ነገር ግን ጠፍር ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል፤ የራኬት ክር ግን ካልጠበቀ አልጠበቀም። ደግሞም የሰው ክንድ ጧት የሚስበውና ማታ የሚስበው አንድ አይደለም። መሣሪያው የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ መሣሪያ በጣም ቀላል ነው። በስተግራ ራኬቱ በራሱና በአንገቱ በኩል በሁለት ቦታ ታስሮ ይቀመጣል። በስተቀኝ ክሩን የሚነክስ አንድ ትንሽ መዘውር አለ፤ በመዘውሩ ላይ ረጅም የብረት ዘንግ ተተክሏል፤ በዘንጉ ላይ ደግሞ እንደ ገበያ ሚዛን ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ክብደት አለ። ክሩ በመዘውሩ ሲነከስ ዘንጉን ከላይ ወደ ታች ይለቁታል፤ ክብደቱ ሲወርድ መዘውሩ ይዞራል፤ መዘውሩም ክሩን ይስባል። ሌላ ነገር የለውም።

የፊዚክስ መምህራችን እንዲህ ብለው አስረዱን። ከመዘውሩ መካከል እስከ ክሩ ያለው ርቀት 2 ሳንቲሜትር ተኩል ይሁን፤ ክብደቱ ደግሞ ከመዘውሩ መካከል 50 ሳንቲሜትር ይራቅ። 50 ለ2 ተኩል ሲካፈል 20 ነው። ስለዚህ የዘንጉን የራሱን ክብደት ካልቆጠርነው፣ 1 ኪሎ ከሩብ የሚመዝን ብረት ክሩን በ25 ኪሎ ኃይል ይስበዋል። ክብደቱን ወደ ጫፍ ብናርቀው ኃይሉ ይጨምራል፤ ብናቀርበው ይቀንሳል። ይህን በሰሌዳ ላይ ስማረው ለፈተና የሚሆን ነገር ይመስለኝ ነበር፤ በእጄ ላይ ክሩ ሲጮህ ስሰማ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

በዚህ ላይ አንድ ሁኔታ አለ፤ የዛሬው ንግግሬም ዋና ነገሩ እርሱ ነው። በዘንጉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር እውነት የሚሆነው ዘንጉ ወርዶ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ሲቆም ብቻ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ቢቆም ወይም ዝቅ ብሎ ቢቆም ውጥረቱ ይጎድላል። ምን ያህል ይጎድላል ለሚል ሰው፣ ኮሳይን የተማረ ተማሪ ሊያሰላው ይችላል። 10 ዲግሪ ቢያጋድል የሚጎድለው ከመቶ 1 ተኩል ያህል ነው፤ ይህ አይጎዳም። 20 ዲግሪ ሲሆን ከመቶ 6 ይጎድላል። 30 ዲግሪ ሲሆን ከመቶ 13 ይጎድላል፤ ማለት 25 ኪሎ የተባለው ወደ 21 ኪሎ ከግማሽ ገደማ ይወርዳል። ዘንጉ ሳይስተካከል የቆመ እንደ ሆነ ክሩን ፈትቶ፣ ትንሽ ጨምሮ ወይም ቀንሶ፣ እንደገና ነክሶ መልቀቅ ያስፈልጋል። ለአንድ ክር ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ እንዲህ ይደረጋል። ለአንድ ራኬት ደግሞ 16 ቁም ክርና 19 አግድም ክር አለ። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል ለሚረከቡኝ ልጆች በደብተር ጽፌ ስለማስቀምጥ ሁሉን አልዘረዝርም። የተበጠሰው ክር ሲወጣ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር ይቆረጣል፤ ከአንድ ወገን ብቻ ቢቆርጡት እንጨቱ ይጣመማል። ቁሞቹ ክሮች እንደ ሸማኔ ድር አስቀድመው ይገባሉ፤ እነርሱም ከመካከል ጀምሮ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየተፈራረቁ ይወጠራሉ እንጂ አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የለም። ቁሞቹ ብቻ ተወጥረው ሳለ የራኬቱ ራስ አጥሮ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው የሰበረ ይመስለዋል። አግድሞቹ ሲገቡ መልሰው ወደ ቅርጹ ያመጡታል። አግድሞቹ ማግ ናቸው፤ አንዱ ከላይ ካለፈ ቀጥሎ ያለው ከታች ያልፋል። እያንዳንዱ ክር ከተወጠረ በኋላ በጉጠት ይያዛል። ወስፌውን በጠባብ ቀዳዳ ሲያስገቡ አስቀድሞ የገባውን ክር እንዳይወጉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የተወጋ ክር የሚበጠሰው በሥራው ጊዜ ሳይሆን በጨዋታው መካከል ነው። የመጀመሪያውን ራኬት ለመጨረስ 5 ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬ ከ1 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ እጨርሳለሁ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ከዚህ በፊት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው እዚህ ከእናንተ ጋር ተቀምጧል፤ እንድናገርም ፈቅዶልኛል።

ባለፈው ዓመት ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ግጥሚያ ነበረን። ከግጥሚያው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ የቡድናችን የመጀመሪያ ተጫዋች፣ የቅርብ ጓደኛዬ የሆነው፣ ክሩ ተበጠሰ። ሌላ የሚመቸው ራኬት አልነበረውም። ማታውኑ እንድሠራለት ለመነኝ። እኔም በደስታ ተቀበልሁ፤ በእውነቱ ሳይለምነኝም እሠራለት ነበር፤ ያን ጊዜ በሥራዬ እጅግ እኮራ ነበርና። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ጀመርሁ። ቁሞቹን ክሮች እንደጨረስሁ መብራት ጠፋ። መሣሪያው መብራት አይፈልግም፤ የሠሪው ዓይን ግን ይፈልጋል። አባባ ሻማ አበሩልኝ፤ እርሳቸውም ወደ ቤታቸው መሄድ ነበረባቸው፤ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ለዘበኛው ማስረከብ አለባቸው። ምንም አላሉኝም፤ ነገር ግን ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አያለሁ።

የላይኞቹን አግድም ክሮች በደንብ ሠራሁ። ወደ አንገቱ ስቃረብ ግን ዘንጉ ከፍ ብሎ እየቆመ አስቸገረኝ። አንዱን ፈትቼ አስተካከልሁ። ሁለተኛውንም ፈታሁ። በሦስተኛው ላይ «ይህ ምን ያህል ይጎዳል?» ብዬ በጉጠት ያዝሁት። ከዚያ በኋላ ያሉትን ስምንት ክሮች ዘንጉ እንዳጋደለ እያየሁ አለፍኋቸው። ኮሳይኑን አላውቀውም እንዳልል ከሳምንት በፊት ተፈትኜበት ነበር።

በማግሥቱ ጓደኛዬ የመታቸው ኳሶች ከመሥመር እያለፉ ወጡ። ሜዳው ዳር ቆሜ አይ ነበር። በእጁ ራኬቱን እያገላበጠ ሲያይ ልቤ ይመታ ነበር፤ እርሱ ግን የሚያየው እጁን ነበር። ተሸነፈ። የተሸነፈበት ምክንያት የእኔ ክር ብቻ ነው ለማለት አልችልም፤ ተጋጣሚውም በጣም ጥሩ ተጫዋች ነበር። ነገር ግን ከጨዋታው በኋላ ራኬቱን ለማስቀመጥ ሲሰጠኝ የታችኞቹን ክሮች በጣቴ ብገፋቸው ወዲያና ወዲህ አሉ፤ የላይኞቹ ግን አልተነቃነቁም። እኔ ዐወቅሁ። ዐውቄም ዝም አልሁ።

ጓደኛዬ «ክንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ለሁሉ ተናገረ። ጧት ጧት በ12 ሰዓት እየተነሣ ከግድግዳ ጋር ብቻውን ይለማመድ ጀመር፤ ያውም በዚያው ራኬት። በሦስተኛው ሳምንት ቡድኑን እንደሚለቅ ለአሠልጣኙ መናገሩን ሰማሁ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ወደ ግድግዳው ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት።

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የታችኞቹን ክሮች በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋቸውና «እኔ እኮ ሦስት ሳምንት ክንዴን ስቀጣው ነበር» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥሎም «በል ና፣ አሁን ፊቴ ሥራው» አለኝ። አባባ ዕቃ ቤቱን ከፈቱልን። አሮጌውን ክር ቆርጬ አወጣሁ። እርሱ ከዘንጉ ትይዩ በሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ እያንዳንዱ ክር ሲወጠር ዘንጉን በዓይኑ ለክቶ «ልክ ነው» ሳይለኝ ጉጠቱን አልነካሁም። አንዳንዴ «አይደለም» ይላል፤ እፈታለሁ። የሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ደወል ሳንሰማ ቀርተን ሁለታችንም በመዘግየት ተቀጣን። ቡድኑን ግን አልለቀቀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ዕቃ ቤት አንድ ሰው ብቻውን ራኬት አይወጥርም። አንዱ ይስባል፤ ሌላው ዘንጉን ያያል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ዛሬ እኮ ቁጥሩን ጽፈው ቁልፉን ሲጫኑ ራሱ የሚስብ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በታላላቅ ውድድሮች የሚሠራው በእነዚህ ነው፤ ትምህርት ቤታችን አንድ ቢያገኝ እኔ የመጀመሪያው አመስጋኝ ነኝ። ነገር ግን ስለ አሮጌው አንድ ነገር ልመስክርለት። በዚህኛውና በኤሌክትሪኩ መካከል ሌላ ዓይነት፣ በእጅ እጀታ የሚዞር መሣሪያ አለ። እርሱ የተወሰነው ውጥረት ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ክሩ ትንሽ ቢለጠጥ የተለጠጠውን አይከተለውም፤ ስለዚህ ውጥረቱ ይቀንሳል። የእኛው ባለ ክብደት ግን አይቆለፍም። ክሩ ሲለጠጥ ክብደቱም አብሮ ይወርዳል፤ ጉጠቱ እስኪይዘው ድረስ መሳቡን አያቆምም። ብዙ ዋጋ የሚከፈልባቸው የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚመኩበት ነገር ይኸው ነው፤ የእኛው አሮጌ ብረት ደግሞ ይህን የሚያደርገው መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው። ስለዚህ ለቁራሌው ሊሰጥ አይገባም ስል በፍቅር ብቻ አይደለም።

ስለ ራኬቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። በዕቃ ቤቱ ከ7ቱ ሌላ ሁለት የእንጨት ራኬቶች አሉ። በዓለም ላይ የእንጨት ራኬት ከ1980ዎቹ ወዲህ በግራፋይት ተተክቶ ከታላላቅ ሜዳዎች ጠፍቷል። እነዚህን ሁለቱን ማንም ከ50 ፓውንድ በላይ እንዳይወጥራቸው እለምናለሁ። ከተጫወቱባቸውም በኋላ በአራት ብሎን በሚጠበቀው የእንጨት ማሠሪያቸው ውስጥ ይመለሱ፤ በክረምት እርጥበት ይጣመማሉና። ማሠሪያው አለ፤ የአንዱ ብሎን ብቻ ጠፍቷል።

ውድ ጓደኞቼ፤ እኔና ጓደኛዬ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን። እስከ ዛሬ ድረስ በሁለታችን እጅ 61 ራኬት ተወጥሯል፤ ከእነርሱም አንዱ ያ ነው። መሣሪያውን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው የለም። ለሚመጣው ዓመት ቡድን ከተመረጡት ልጆች መካከል ደግሞ ሦስቱ የሚጫወቱበት ክር ካለፈው ዓመት የቆየ ነው፤ ከመጫወቻ ይልቅ ለወንፊት ይሆናል። ስለዚህ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ሁለት ልጆች እንፈልጋለን። ቴኒስ መቻል አያስፈልግም፤ እኔንም አይታችኋል። ሁለት ጓደኛሞች ብትሆኑ ይመረጣል፤ እርስ በርሳችሁ «አይደለም» ለመባባል የማትፈሩ ከሆናችሁ።

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አባባ ዕቃ ቤቱን ይከፍቱልናል። የመጀመሪያውን ራኬት እኔ እስባለሁ፤ ዘንጉን የምታዩት እናንተ ናችሁ። ሁለተኛውን እናንተ ትስባላችሁ። ወስፌው በመሳቢያው ውስጥ አለ። ክር መቁረጫው ግን ባለፈው ሳምንት ከጠረጴዛው ላይ ጠፍቷል፤ የወሰደው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ስሙን አልጠይቅም፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ በቦታው ይመልስልን።